መልሱ «አይ» ከሆነም ንገሩን

ይድረስ፦ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች በኒውሮሳይንስ (በአእምሮና በነርቭ ጥናት) ለምታስተምሩ፣ ለምትመራመሩና ዶክትሬታችሁን ለምትሠሩ ኢትዮጵያውያን

ከባሕር ዳር

የተከበራችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር ለጤና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘንድሮ በኒውሮሳይንስ ለዶክትሬት ካመለከቱት አንዷ ነኝ። እንደኔው ያመለከቱ ጓደኞች አሉኝ። ባለፉት ዓመታት ሞክረው ያልተሳካላቸውም፣ ለከርሞ የሚዘጋጁም አሉ። ደብዳቤውን የምጽፈው በራሴ ስም ነው፤ ሐሳቡ ግን አብረን ስንነጋገርበት የከረምነው ነው።

ለቅበላ ኮሚቴዎቹ በእንግሊዝኛ መጻፍ እችል ነበር። ለእናንተ በአማርኛ መጻፉን የመረጥኩት እናንተ ውስጥ ስላላችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ ማመልከቻ ታነባላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ኢንተርቪው ታደርጋላችሁ። ገና ተማሪ የሆናችሁትም ብትሆኑ እንግዳ ተቀብላችሁ ታስተናግዳላችሁ፣ አስተያየት ትጠየቃላችሁ። ከዚህ የሄዳችሁ ስለሆነ ደግሞ እዚህ ተቀምጦ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ብዙ አይጠበቅብኝም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ኮሚቴያችሁ ለኢንተርቪው የሚጠራቸውን መርጦ ሲጨርስ፣ ያልተጠሩት በዚያው ሳምንት እንዲነገራቸው አድርጉልን። መልሱ «አይ» ከሆነ «አይ» በሉን። በተጠባባቂነት ከተያዝንም «ተጠባባቂ ናችሁ፣ እስከዚህ ቀን ጠብቁ» በሉን።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ አሠራሩን ላስረዳ። የአሜሪካ የኒውሮሳይንስ ዶክትሬት ማመልከቻ በብዛት የሚዘጋው ዲሴምበር 1 አካባቢ ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 22 መሆኑ ነው። ከዚያ ቀደም ብለው የሚዘጉም፣ እስከ ታኅሣሥ 6 የሚቆዩም አሉ። ትራንስክሪፕት፣ ብዙ ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤና የምርምር ልምድን የሚተርክ ጽሑፍ ይጠየቃል። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና አብዛኞቹ ትተውታል፤ ለኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ባለው ጊዜ የኢንተርቪው ጥሪ ይወጣል። ኢንተርቪው የሚደረገው በጥርና በየካቲት ነው፤ መጋቢት ላይ የሚያደርጉም አሉ። ከዚያ የቅበላ ውሳኔ ይመጣል።

በዚህ ዘርፍ ያለ ኢንተርቪው የሚቀበል ፕሮግራም እምብዛም የለም። ስለዚህ ጥሪው ተልኮ ካለቀ በኋላ ያልተጠራው ሰው ዕጣ ከሞላ ጎደል ታውቋል ማለት ነው። የማያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። ፖርታሉን፣ ማለትም የማመልከቻ ድረ ገጹን፣ ሲከፍት «ማመልከቻዎ በግምገማ ላይ ነው» የሚል ያገኛል። በጥር ያንኑ፣ በየካቲትም ያንኑ። ደብዳቤው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ይመጣል። ጭራሽ የማይመጣበትም አለ። አንድ ጓደኛዬ አለመቀበሉን ያረጋገጠው በቀጣዩ ዓመት እንደገና ሊያመለክት ፖርታሉን ሲከፍት ነው።

ለተቀበሉት ሰዎች የተቆረጠ ቀን አለ። ኤፕሪል 15፣ ሚያዝያ 7። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ነው። ከገንዘብ ድጋፍ ጋር ቅበላ ያገኘ ተማሪ እስከዚያ ቀን ድረስ አስቦ መልስ የመስጠት መብት አለው፤ ቶሎ ወስን ብሎ የሚያጣድፈው የለም። በጣም ጥሩ ደንብ ነው። አንድ ተማሪ ተረጋግቶ እንዲወስን ተቋማት ቁጭ ብለው መክረዋል፣ ተስማምተዋል። ታዲያ ላልተጠራውስ? ለእሱ የተቆረጠ ቀን የለም። ደንብ ማውጣት የሚችሉ ሰዎች መሆናቸውን ስለማይ ነው ይህንንም የምጠይቀው።

ኮሚቴዎች ለምን ዝም እንደሚሉ ይገባኛል። መጀመሪያ የጠሯቸው ሰዎች ሌላ ቦታ ሊሄዱ ይችላሉ። ያኔ ሁለተኛ ዙር መጥራት ያስፈልጋል። ለዚህ የተወሰኑ ሰዎችን በእጅ ማቆየት ተገቢ ነው። ግን በመቶ የሚቆጠር አመልካች ሁሉ ለሁለተኛ ዙር አይፈለግም። በእጅ የሚቆዩት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩትን ማሰናበት ይቻላል። ለተያዙትም መያዛቸውን መንገር ይቻላል። እንዲህ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ። ድረ ገጻቸው ላይ «ጥሪ የምንልከው በዚህ ሳምንት ነው፣ ከዚያ በኋላ ያልሰማ ሰው ዘንድሮ አልተሳካለትም» ብለው የሚጽፉም አሉ። ይህችን አንድ መስመር ማንበብ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ልነግራችሁ አልችልም።

ዝምታው እዚህ ምን እንደሚያስከፍል ግን መናገር እችላለሁ።

ጥር በኛ አገር ዝም ብሎ የሚታለፍ ወር አይደለም። የሁለተኛው ሴሚስተር የኮርስ ድልድል የሚወጣው በዚህ ሰሞን ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊዬ «ከክረምት በኋላ አለሽ ወይስ የለሽም?» ብለው ሲጠይቁኝ እውነተኛ መልስ የለኝም። አለሁ ብል ቀጣዩን ዓመት የሚይዝ ሥራ ይሰጡኛል። የለሁም ብል በባዶ ሜዳ ቦታዬን አጣለሁ። የትምህርት ፈቃድ ለመጠየቅ የቅበላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ደግሞ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋስ የሚሆን ሰው ደሞዝ ያለውና የሚያምንህ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እርግጠኛ ባልሆንክበት ነገር አታስቸግረውም።

ሌላም በር አለ። በጀርመን የጎቲንገኑ የኒውሮሳይንስ ፕሮግራም የሚዘጋው ጃንዋሪ 15 ነው፣ በእኛ ጥር 7። ከአሜሪካ «አይ» የሚለው መልስ በታኅሣሥ መጨረሻ ቢመጣ ሰው ሙሉ ልቡን ሰብስቦ ወደዚያ ይዞራል። ስኮላርሺፕ ይፈልጋል፣ እዚሁ አገር ውስጥ ያሉትን የዶክትሬት ፕሮግራሞች ይጠይቃል። መልሱ መጋቢት ላይ ሲመጣ አብዛኛው በር ተዘግቷል። በአንድ «አይ» መዘግየት ሌሎች ዕድሎች አብረው ይሄዳሉ።

ጥር የሠርግ ወርም ነው። ይህን ስጽፍ የማስባት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አለች። እጮኛዋ ታጋሽ ሰው ነው። ቤተሰቦቿ ግን ቀን ቁረጡ እያሉ ነው። «መልሱ ይምጣና» ትላለች። የጥምቀት ዕለት ታቦቱን እየሸኘን ሳለ ስልኳን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ስታይ አየኋት። ምንም አልመጣም ነበር። እኔም ያንኑ አደርግ ስለነበር አልወቀስኳትም። አባቷ ደግሞ አዛውንት ናቸው፤ በመጡ ቁጥር «ሰዎቹ ምን አሉ?» ይሏታል። «ገና ናቸው» ትላለች። እሳቸው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ተቀብሎ ለወራት መልስ አይሰጥም ብለው ማመን አይችሉም። የደበቀችው ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ሰዓቱ አለ። ቦስተን ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሥራቸውን ሊጨርሱ ሲሉ የሚልኩት ኢሜይል እኛ ጋ የሚደርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ከካሊፎርኒያ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የሚላከው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይገባል። ስለዚህ የሚጠብቅ ሰው ሌሊት ይነቃል። ስልኩን ያያል፣ ይተኛል፣ እንደገና ይነቃል። ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ገብቶ ስለ እንቅልፍና ስለ ማስታወስ ያስተምራል። በእኛና በእነሱ በዓል መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ለብቻው ከባድ ነው። እነሱ ለገናቸው ከሄዱ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ቢሮ አይገቡም። ሲመለሱ የእኛ ገና ይደርሳል። ያን ሰሞን ማንም እንደማይጽፍ እያወቅንም ኢሜይል እንከፍታለን።

ኢንተርኔት ሁልጊዜ ያለ ነገር አለመሆኑንም ታውቃላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የዚያን ዓመት አመልካቾች ዋይፋይ ያለበት ቢሮና ሆቴል እየፈለጉ ነው ያመለከቱት። ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሻይ አዝዞ ከሰዓቱን ሁሉ መቀመጥ የተለመደ ነበር። የኢንተርቪው ጥሪ መጥቶላቸው በሁለት ቀን ውስጥ ሰዓት እንዲመርጡ ተጠይቀው፣ ኢሜይሉን ያዩት ቀኑ ካለፈ በኋላ የሆኑ ሰዎች አሉ። አመልካቹ መቼ መጠበቅ እንዳለበት ቢያውቅ ኖሮ በዚያ ሳምንት የትም ብሎ ኔትወርክ ይፈልግ ነበር። የጥሪ ሳምንትን አስቀድሞ መግለጽ ለእኛ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ስለ ኢንተርቪው ራሱም ጥቂት ልበል። አሜሪካ ላሉት አመልካቾች ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ትኬትና ሆቴል ከፍሎ ጋብዞ ያስመጣቸዋል። ባሕር ማዶ ያለነው በዙም ነው። በዙም መሆኑ ቅር አይለንም። ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን ከአራት አምስት ፕሮፌሰሮች ጋር ይነጋገራል። በካሊፎርኒያ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጀምር ኢንተርቪው እዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው የሚጀምረው፤ ሲያልቅ ሊነጋ ይደርሳል። አንድ የማውቀው ልጅ መብራት ይጠፋብኛል ብሎ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ለአንድ ሌሊት ክፍል ያዘ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ስለማይገኝ በጊዜ ገብቶ ልብሱን ለብሶ ተቀምጦ ጠበቀ። እንዲህ ያለ ሰው ድምፁ ሲቆራረጥ «መልስ አጣ» ተብሎ እንዳይመዘገብበት አደራ። ሰዓት ሲመደብም ጠዋታቸውን ለኛ ቢሰጡን ለኛ ምሽት ይሆናል፤ ለእነሱ የሚያጎድለው ነገር የለም። ከእናንተ አንዳችሁ ይህን ብትነግሯቸው በአንድ ኢሜይል ያልቃል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ዝምታው ከመዘግየትም በላይ ጉዳት አለው። ለምን እንዳልተጠራን አናውቅም።

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ገንዘብ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዓመታት ተማሪዎችን ከሚደግፉባቸው መንገዶች አንዱ ከብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ከኤንአይኤች፣ የሚያገኙት የሥልጠና ድጎማ ነው። በዚህ ድጎማ መደገፍ የሚችሉት የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው። ለውጭ አመልካች የሚወጣው ገንዘብ ከሌላ ቦታ መምጣት ስላለበት ቦታው ጠባብ ነው። ይህን አሁን አውቃለሁ፤ ብዙ አመልካቾች ግን አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የኤንአይኤች ገንዘብ ጉዳይ ሲናወጥ ቅበላቸውን የቀነሱ፣ ጭራሽ ያቆሙ፣ የሰጡትን ቅበላ እስከ መሻር የደረሱም ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። ያን ዓመት ያልተጠራ ሰው ጥፋቱ የእሱ ነው ወይስ የጊዜው? አልተነገረውም። እኔ የማውቃቸው ሁለት ጎበዝ ልጆች «ለዚህ ዘርፍ አንሆንም» ብለው ተዉት። አንዱ አሁን መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ይሠራል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ሰው ያገለግላል። ግን ስለ ሂፖካምፐስ፣ ለማስታወስ ስለሚያገለግለው የአእምሮ ክፍል፣ ሲያወራ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት የምርምር ልምድ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አሜሪካ ያለ አመልካች ብዙ ጊዜ ከዲግሪው በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በላብራቶሪ ተቀጥሮ ይሠራል። አይጥ ያሠለጥናል፣ የነርቭ ሴል ኤሌክትሪክ ይመዘግባል፣ በማይክሮስኮፕ ፎቶ ያነሳል። የኛ ልምድ ሌላ ነው። እኛ መጠይቅ ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ገብተን የስትሮክና የሚጥል በሽታ ታማሚዎችን ካርድ አንድ በአንድ እናያለን። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የነርቭ ክሊኒክ በር ላይ ተቀምጠን ከአስታማሚ ጋር እናወራለን። ይህ ምርምር አይደለም የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

ማስረጃዬ ከጣና ዳር አይርቅም። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ደምቢያ፣ በስተ ምሥራቅ ፎገራ አለ። በሁለቱም ጓያ ይዘራል። ጓያ ድርቅ ይችላል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ሰው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ ግን እግሩ ሊደርቅ ይችላል። በእህሉ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባለው ንጥረ ነገር ግሉታሜት የተባለውን የአእምሮ መልእክተኛ ይመስላል። የነርቭ ሴሎችን ከልክ በላይ ይቀሰቅሳል፤ እንቅስቃሴን የሚያዝዙት ሴሎች ይጎዳሉ። ሰውየው ሐሳቡ ሙሉ ነው፣ እጁ ይሠራል፣ እግሩ ግን ተገትሮ በምርኩዝ ይሄዳል። አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። ጓያ የሰበረው የሚባለው ሰው ይህ ነው።

ይህን በሽታ በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት እየዞሩ ያጠኑት ከአገራችን ቀደምት የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ገበሬ ቤት ገብቶ፣ እግር አይቶ፣ ምን በላህ ብሎ በመጠየቅ የተሠራ ነው። ዛሬ ስለ ግሉታሜት መርዛማነት የሚያስተምር መምህር ጓያን ምሳሌ አድርጎ ያነሳል። ታዲያ ከዚያው አካባቢ የመጣ ልጅ በማመልከቻው ላይ «አያቴ ጓያ የሰበራቸው ናቸው፣ ከሐኪሞች ጋር መረጃ ሰብስቤያለሁ፣ አሁን ሴሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ ማይክሮስኮፕ ስላልነካ ብቻ ከክምሩ ሥር ይግባ? የማመልከቻ ንባብ ላይ የተቀመጣችሁ ይህን የመናገር ዕድል አላችሁ። አጠገባችሁ ያለው ፕሮፌሰር ባሕር ዳር የት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ በካርድ ክፍል የተሠራ ጥናት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅም አያውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ።

የእምቢታው ደብዳቤ ከነምክንያቱ እንዲመጣ የምፈልገውም ለዚህ ነው። ረጅም ትንታኔ አልጠይቅም። ለመቶዎች ያንን መጻፍ እንደማይቻል አውቃለሁ። አንድ መስመር ይበቃል። «ዘንድሮ ለውጭ አመልካቾች የነበረን ቦታ ውስን ነበር» ይበል። ወይም «የላብራቶሪ ልምድ ቢጨምሩ ማመልከቻዎ ይጠነክራል»። ወይም «ፍላጎትዎ ከመምህሮቻችን ሥራ ጋር አልገጠመም»። የመጀመሪያውን ያገኘ ሰው ራሱን አይወቅስም። ሁለተኛውን ያገኘ የዓለም አቀፉ የአእምሮ ምርምር ድርጅት፣ ኢብሮ፣ በአፍሪካ ለሚያዘጋጃቸው ሥልጠናዎች ያመለክታል፤ ጥቂት ወር የሚያሠራው ላብራቶሪ ይፈልጋል። ሦስተኛውን ያገኘ ለከርሞ ሌላ ፕሮግራም ይመርጣል። አሁን ግን ሦስቱም ሰዎች የሚያገኙት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው፣ ካገኙ።

ስለ ክፍያውም መናገር አለብኝ፤ ከዝምታው ጋር የተያያዘ ነው። የማመልከቻ ክፍያ በአብዛኛው ከ75 እስከ 100 ዶላር ነው፤ ከዚያ የሚያልፍም አለ። ከክፍያ ነፃ የሚያደርጉት ብዙዎቹ ለራሳቸው ዜጎች ብቻ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁት ነው። ብሩ ቢኖርም በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዳላስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ ይለመናል። የአክስቴ ልጅ በሌሊት ፈረቃ ከምታገኘው ከፍላልኛለች። ምን ደረሰ ብላ ስትጠይቀኝ «አልታወቀም» ማለት እየከበደኝ ነው። ማመልከቻችንን የተቀበለው ፕሮግራም ሁሉ ገንዘብ የወሰደ ነው። ገንዘብ ወስዶ መልስ አለመስጠት በየትኛውም አገር ደግ ሥራ አይባልም። በዚያ ዓመት ለውጭ አመልካች ቦታ እንደሌለ አስቀድሞ የሚያውቅ ፕሮግራም ካለ ደግሞ ክፍያውን ከመቀበሉ በፊት ይናገር። ይህንን በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ማንሳት ለእናንተ ቀላል ላይሆን ይችላል። ሆኖም ካላነሳችሁት ማን ያነሳዋል?

እግረ መንገዴን እዚህ አገር ቤት ላላችሁትም። ለመምህሮቻችን፦ የድጋፍ ደብዳቤ ሊንክ ሲላክላችሁ አታቆዩት። ሊንኩ ብዙ ጊዜ ስፓም ውስጥ ይገባል፣ እባካችሁ እዚያም እዩ። ለሬጅስትራሮች፦ ትራንስክሪፕት በኅዳር የሚጠይቅ ሰው ቀነ ገደብ አለበትና ነገ ና አትበሉት። ለቤተሰቦቻችን፦ በየቀኑ አትጠይቁን። ሲመጣ መጀመሪያ የምንነግረው ለእናንተ ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ። ጠይቃችሁ «አይቻልም» ከተባላችሁ ሌላም ማድረግ የምትችሉት አለ። ከዚህ አካባቢ የማውቀው እያንዳንዱ ሰው ተሳክቶለት የሄደው አንድ ኢትዮጵያዊ በኢሜይል መልስ ስለሰጠው ነው። ማመልከቻውን አንብቦለታል፣ የትኛው ላብራቶሪ ገንዘብ እንዳለው ነግሮታል፣ «ጥሪ ተልኮ አልቋል፣ አትጠብቅ» ብሎታል። ይህችኛዋ የመጨረሻዋ ቃል በተለይ ትልቅ ውለታ ናት። ምስጢር አውጡ አላልኩም። የማን ማመልከቻ ምን ላይ እንዳለ አትንገሩን። ፕሮግራማችሁ ጥሪውን ልኮ መጨረሱን ብቻ ለጠየቃችሁ ሰው ንገሩት። የተጠሩት ራሳቸው በዚያው ቀን ስለሚያወሩት የተደበቀ ነገር አይደለም።

ለእኔ እስካሁን ከአንዱ ፕሮግራም ጥሪ መጥቷል። ከአንዱ ግልጽና ትሁት የሆነ እምቢታ ደርሶኛል፤ ያነበብኩት ጠዋት ነው፣ አዘንኩ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። የዚያን ፕሮግራም ሰዎች አከብራቸዋለሁ። ከቀሩት ምንም አልሰማሁም። ጥሪው የመጣልኝ ሰው ሆኜም ይህን መጻፌ፣ ላልመጣላቸው ጓደኞቼ ነገሩ እንዴት እንደሆነ በቅርብ ስለማይ ነው።

የሚቀጥለው የቅበላ ዙር ለኛ ከክረምት በኋላ ይከፈታል። ፕሮግራሞች ድረ ገጻቸውን የሚያድሱት ከዚያ በፊት ነው። እስከዚያ ድረስ በየፕሮግራማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁልን። የኢንተርቪው ጥሪ የሚላክበት ሳምንት ድረ ገጹ ላይ ይጻፍ። ላልተጠሩት ደብዳቤ የሚልከው ሰው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚልክ ከወዲሁ ይወሰን። ያገኛችሁትን መልስ ደግሞ፣ ባይሆንም እንኳ፣ በአማርኛ ጻፉልንና እዚህ ያለው አመልካች ያንብበው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት አመልካች
ባሕር ዳር